ዳግመኛ ጋብቻና የልጅ ቀለብ



ባልና ሚስት በትዳራቸው መስማማት አቅቷቸው በሕግ የተለያዩ እንደ ሆነ፥ ውሎ አድሮ አንዳቸው ወይም ሁለቱም ሌላ ጎጆ መቀለሳቸው የተለመደ ነገር ነው። ይህም ሊነቀፍ አይገባም፤ ሰው ያለ ጓደኛ መኖር ይከብደዋልና። ይሁን እንጂ አዲሱ ጎጆ ሲቀለስ፥ ከፊተኛው ጎጆ ተርፎ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ልጅ ነው። ቤት ይሸጣል፤ ከብት ይከፈላል፤ የቤት ዕቃም በዝርዝር ተጽፎ እኩሌታው ለባል፥ እኩሌታው ለሚስት ይሰጣል። ልጅ ግን ከሁለት አይከፈልም፤ ትናንት የሁለቱ እንደ ነበረ ዛሬም የሁለቱ፥ ነገም የሁለቱ ነው።

በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ከተፋቱት ወላጆች አንዱ ሌላ ትዳር በያዘ ጊዜ የልጁ ቀለብ ምን ይሆናል? የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱን ካለማወቅ የተነሣ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚንገላቱ እናቶች፥ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩ ልጆች፥ ያላግባብ የሚወቀሱ እንጀራ አባቶችና እንጀራ እናቶች ጥቂቶች አይደሉም።

አዘውትሮ የሚሰማው ክርክር ሦስት ዐይነት ነው። አንደኛው፥ «እርስዋ አግብታለች፤ ከእንግዲህ ያገባት ያሳድገው» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «እኔም አግብቼ ሌላ ልጅ ወልጃለሁ፤ ለሁለት ቤት የሚበቃ ገቢ የለኝም» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ በአዲሱ ትዳር የገባው ሰው የሚያነሣው ሲሆን፥ «ባልወለድሁት ልጅ ምን ዕዳ አለብኝ?» የሚል ነው። ሦስቱንም በየተራቸው እንመረምራለን። አስቀድመን ግን ቀለብ ማለት ምን እንደ ሆነ፥ ባለመብቱስ ማን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

በሕግ አነጋገር ቀለብ ማለት የዕለት ጉርስ ብቻ አይደለም። ምግብ፥ መጠለያ፥ ልብስ፥ ሕክምና፥ እንዲሁም እንደ ሁኔታው ትምህርት፥ እነዚህ ሁሉ በቀለብ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ስለዚህ ለልጁ በየወሩ ጤፍ ልኬያለሁ የሚል አባት፥ ልጁ ታሞ ሳይታከም ወይም ደብተር አጥቶ ከትምህርት ቤት ቀርቶ እንደ ሆነ፥ ግዴታውን ፈጽሜአለሁ ለማለት አይችልም።

ባለመብቱ ማን ነው? ቢባል፥ ልጁ ራሱ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን በእጅዋ የምትቀበለው እናቲቱ ስለ ሆነች፥ ለእርስዋ የሚሰጥ ጡረታ ወይም ካሣ ይመስላቸዋል። እናቲቱ ግን ልጁ ገና አካለ መጠን ያላደረሰ በመሆኑ ስለ እርሱ ሆና ትቀበላለች እንጂ የገንዘቡ ባለቤት አይደለችም። ልጁ ባለመብት መሆኑን ልብ ያለ ሰው፥ ከዚህ በታች የምንናገረውን ሁሉ ያለ ችግር ይረዳዋል።

አገራችን ስለዚህ ጉዳይ በጽሑፍ ሕግ ካወጣች ቆይታለች። በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጋብቻ፥ ስለ ፍቺና ስለ ቀለብ በሰፊው ይደነግግ ነበር። በዚያ ሕግ መሠረት የፍቺን ነገር የሚያዩት በቅድሚያ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ልጆችም ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ ለእናታቸው ይሰጡ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፥ ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፥ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት ያላቸው መሆኑን አስታወቀ፤ ሕፃናትም ወላጆቻቸውን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። ይህንኑ ተከትሎ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። ይህ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ልጅ ከማን ጋር ይደግ የሚለውንም በዕድሜ ወሰን ብቻ ሳይሆን የወላጆችን ገቢ፥ ዕድሜ፥ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፥ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም በማመዛዘን እንዲወሰን አደረገ።

የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፥ ከክልሎችም እንደ አማራና እንደ ኦሮሚያ ያሉት በ1995 ዓ.ም. የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ በክልል የሚኖር አንባቢ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት የአካባቢውን ሕግ ቢመለከት ይበጀዋል። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው በፌዴራሉ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው።

ወደ ልጁ ነገር ከመግባታችን በፊት፥ የባልና የሚስትን የእርስ በርስ ቀለብ በአጭሩ እናስረዳ። ባልና ሚስት ጋብቻቸው ጸንቶ ሳለ የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታ አለባቸው። የፍቺ አቤቱታ ለፍርድ ቤት ከቀረበም በኋላ ነገሩ እስኪወሰን ድረስ ዳኛው ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፥ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፥ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያውኑ ትእዛዝ ይሰጣል። ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ግን ባል ለቀድሞ ሚስቱ፥ ወይም ሚስት ለቀድሞ ባልዋ በየወሩ የሚከፍሉት የዕድሜ ልክ ቀለብ በሕጋችን የለም። በዚያ ፈንታ የጋራ ሀብት በመሠረቱ እኩል ይካፈላል፤ ለፍቺው ምክንያት የሆነውም ወገን ፍርድ ቤቱ ተገቢ ሆኖ ያገኘው እንደ ሆነ ለሌላው ካሣ እንዲከፍል ሊያዝዝ ይችላል።

በዚህ ረገድ የሌላ አገር ሥርዓት የተለየ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ አገር በብዙ ግዛቶች ፍርድ ቤት ለተፈታው ወገን ወርኃዊ መተዳደሪያ ሊቈርጥ ይችላል፤ ተቀባዩ ሌላ ጋብቻ በፈጸመ ጊዜም ይኸው መተዳደሪያ አብዛኛውን ጊዜ ይቋረጣል። በዚያ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ያሉን ሰዎች ይህን እየሰማን፥ «ያገባች ሴት ቀለብዋ ይቀራል» የሚለውን አነጋገር ወደ ልጁ ጉዳይ ልናዛውረው አይገባም። በዚያም አገር ቢሆን እናት አገባች ተብሎ የሚቀረው የራስዋ መተዳደሪያ ነው እንጂ የልጁ ቀለብ አይደለም። በእኛም አገር የተፈታች ሴት ስለ ራስዋ የምትጠይቀው ሁሉ በንብረት ክፍያና በካሣ ጊዜ የሚያልቅ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ የልጁ ነው። የእናቲቱ ማግባት የእርስዋን ኑሮ ይለውጥ ይሆናል፤ የእርስዋ ያልሆነውን ገንዘብ ግን ሊያስቀር አይችልም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ። «ያገባት ያሳድገው» የሚለው አባት ዕዳውን ወደ እንጀራ አባት ማስተላለፉ ነው። ቋንቋችን የእናትን ባል እንጀራ አባት ብሎ ሲጠራው እንጀራ የሚያበላ መሆኑን ማመልከቱ ይሆናል፤ ደግ እንጀራ አባት ያልወለደውን ልጅ እንደ ወለደው አድርጎ ሲያሳድግ በየመንደሩ የምናየው ነገር ነው። ሕጉም ቢሆን የእንጀራ አባትን ግዴታ ፈጽሞ አልዘነጋውም፤ ቀጥታ በሆነ መስመር በጋብቻ የተዛመዱ ሰዎች ጋብቻው ጸንቶ ሳለ እርስ በርሳቸው የመቀለብ ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። ነገር ግን ተራ አለው። ወላጆችና ሌሎች የሥጋ ዘመዶች አስቀድመው ይጠየቃሉ፤ በጋብቻ የተዛመደው ሰው ከእነርሱ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ወላጅ አባት በሕይወት ሳለና ዐቅም ሳለው፥ ከፊቱ ያለውን ተራ ዘሎ ከኋላው የቆመውን ሰው ሊያመለክት አይችልም።

ይህ የሚለወጠው እንጀራ አባት ልጁን በጉዲፈቻ የወሰደው እንደ ሆነ ነው። ባል የሚስቱን ልጅ፥ ሚስትም የባልዋን ልጅ ጉዲፈቻ ማድረግ ይችላሉ። ጉዲፈቻም በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውም። ልጁ በዚህ አኳኋን ጉዲፈቻ ከሆነ የአሳዳጊው ልጅ ሆኖ ይቈጠራል፤ ቀለቡንም በቅድሚያ የሚጠይቀው ከአሳዳጊው ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት አብሮ መብላትና መኖር፥ ልጁም የእናቱን ባል «አባባ» ብሎ መጥራቱ ብቻ ጉዲፈቻን አያመጣም።

ሁለተኛው ክርክር ከመጀመሪያው ይልቅ እውነት ያለበት ነው። አባት አግብቶ ሌላ ልጅ ሲወልድ ወጪው መብዛቱ አይካድም፤ ኋላ የተወለደውም ልጅ የመብላትና የመማር መብት አለው። ሕጉም ይህን ያውቀዋል። የቀለብ ልክ የሚወሰነው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው ዐቅም መጠን ነው፤ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ብር ብሎ በቁጥር የወሰነው ተመን የለም። ሁኔታው በተለወጠ ጊዜም ከሁለት አንዱ ወገን ሲያመለክት ፍርድ ቤቱ ልኩን ሊያሻሽለው ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ እናብራራው። አቶ እገሌ የወር ደመወዛቸው 9,000 ብር ነው እንበል። ከወይዘሮ እገሊት ጋር ሲፋቱ ለሁለት ልጆቻቸው በየወሩ 2,500 ብር እንዲሰጡ ተወሰነባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ሚስት አገቡና አንድ ልጅ ወለዱ። በዚህ ጊዜ አቶ እገሌ በገዛ ሥልጣናቸው ክፍያውን ቢያቋርጡ ወይም ወደ 1,000 ብር ዝቅ ቢያደርጉት ፍርድን መጣሳቸው ነው። የሚገባቸው ውሳኔውን ወደ ሰጠው ፍርድ ቤት ሄደው ኑሮአቸው መለወጡን በማስረጃ ማመልከት ነው። ዳኛውም ሁለቱን ወገን ይመዝናል። የአቶ እገሌ ደመወዝ እንደ ቀድሞው 9,000 ብር ሆኖ አፍ የበዛባቸው እንደ ሆነ፥ ልኩ በመጠኑ ሊቀንስላቸው ይችላል። ነገር ግን በሦስቱ ዓመት ውስጥ ደመወዛቸው 14,000 ብር ደርሶ፥ የፊተኞቹ ልጆችም አድገው የትምህርትና የልብስ ወጪያቸው ጨምሮ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ቀለቡ ከመቀነስ ይልቅ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ «አግብቻለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን አይቀንስም፤ የሚቀንሰውም የሚጨምረውም የተረጋገጠ ዐቅምና የተረጋገጠ ችግር ነው።

ይህ ሁሉ ለእናትም እኩል የሚሠራ መሆኑን ልብ በሉ። ልጁ ከአባቱ ጋር እንዲያድግ ተወስኖ እናት ሥራና ገቢ ያላት እንደ ሆነች፥ እርስዋም በዐቅምዋ ልክ ቀለብ ትሰጣለች፤ ብታገባም ግዴታዋ አይቀርም።

ሦስተኛው ክርክር የአዲሱ ባል ወይም የአዲሲቱ ሚስት ነው። «ባልወለድሁት ልጅ ምን ዕዳ አለብኝ?» የሚሉት ሰዎች፥ ሕጉ ስለ ተጋቢዎች ዕዳ የሚናገረውን ቢያውቁት ከመጋባታቸው በፊት ይመካከሩበት ነበር። በጋብቻ ውስጥ ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት ይሆናል። ከተጋቢዎቹ አንዱ ዕዳ ያለበት እንደ ሆነ፥ ዕዳው በመጀመሪያ ከባለዕዳው የግል ሀብት፥ እርሱ የሌለ እንደ ሆነ ከጋራ ሀብቱ ሊከፈል ይችላል። ከዚህም በላይ ሁለቱ ወይም ከሁለቱ አንዱ ያለባቸውን የቀለብ ግዴታ ለመፈጸም የተገባ ዕዳ፥ ለትዳሩ ጥቅም እንደ ተደረገ ዕዳ ይቈጠራል። ከዚህ የምንረዳው፥ ልጅ ያለውን ሰው የሚያገባ ሁሉ የልጁን ቀለብ ከጓዳው ወጪ እንደ አንዱ አድርጎ መቊጠር የሚገባው መሆኑን ነው። ሙሽራዪቱ የባልዋን የፊተኛ ልጅ ቀለብ ከእጅዋ የተነጠቀ ገንዘብ አድርጋ ብታየው በየወሩ ጠብ ይነሣል፤ ሲገቡ ያወቁት ወጪ አድርጋ ብታየው ግን ሰላም ይሆናል። ስለዚህ ለመጋባት የሚያስቡ ሁሉ፥ «የቀለብ ፍርድ አለብህ ወይ? ስንት ነው?» ብለው በግልጽ ቢጠያየቁ ነውር የለበትም።

ከቀለብ ጋር ሳይነጣጠል የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልጁን የምታሳድገው እናት ስታገባ ልጁ ይወሰድባታል ወይ? የሚል ነው። ማግባትዋ ብቻ ልጅዋን አያስነጥቃትም። የልጁ ኑሮ በአዲሱ ቤት የተጐዳ እንደ ሆነ ግን፥ ማለትም ቢደበደብ፥ ከትምህርት ቢቀር፥ እንደ ሎሌ ቢቈጠር፥ ፍርድ ቤቱ የቀድሞ ውሳኔውን ሊመረምር ይችላል። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እናቱ በሞተችበትና አክስት ባሳደገችው ልጅ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፥ አባት ወላጅነቱን በመጥቀስ ብቻ ልጁን ሊወስድ እንደማይችልና ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት የልጁ ጥቅም እንደ ሆነ አስታውቋል። አባት ከልጅ፥ ልጅም ከአባት ጋር የመገናኘት መብታቸው ከዳግመኛ ጋብቻ በኋላም የጸና ነው። ቀለብ አልከፈለም ተብሎ አባት ልጁን እንዳያይ መከልከል፥ ልጄን አላሳየችኝም ተብሎም ቀለብ መከልከል፥ ሁለቱም ልጁን በመያዣነት ማገት ነው።

ስለ ዳግመኛ ጋብቻ ጊዜም አንድ ነገር እናክል። ሕጉ ሴት ልጅ ጋብቻዋ ከፈረሰ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላት ሌላ ጋብቻ እንዳትፈጽም ይከለክላል። ይህ እርስዋን ለመቅጣት የታሰበ ሳይሆን፥ በመካከሉ ልጅ ቢወለድ አባቱ ማን እንደ ሆነ እንዳያጠራጥር ነው፤ አባቱ ያልታወቀ ልጅ ቀለቡን ከማን ይጠይቃል? ስለዚህም ከፍቺው በኋላ የወለደች እንደ ሆነ፥ እርጉዝ አለመሆንዋ በሐኪም የተረጋገጠ እንደ ሆነ፥ ወይም የቀድሞ ባልዋን መልሳ የምታገባ እንደ ሆነ ክልከላው ይነሣል። ፍቺ በፍርድ ቤት ሳይወሰን ተለያይቶ በመኖር ብቻ ሌላ ጋብቻ የሚፈጽም ሰውም ለልጆቹ ያለበት የቀለብ ግዴታ እንደ ጸና ይኖራል።

እንግዲህ ቀለብ የተከለከለ ልጅ ያላት እናት ወይም ያለው አባት ምን ያድርጉ?

አንደኛ፥ አይዘግዩ። ሳይጠየቅ ከሦስት ወር በላይ የቈየ የቀለብ ውዝፍ፥ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ኋላ ሊጠየቅ አይችልም። «ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልሁ» ማለት ልጁን ይጐዳል።

ሁለተኛ፥ ማስረጃ ያሰባስቡ። የፍቺው ውሳኔ ግልባጭ፥ የልጁ የልደት የምስክር ወረቀት፥ የትምህርት ቤትና የሕክምና ደረሰኝ፥ ቢገኝም የከፋዩ ደመወዝ የሚገለጽበት ደብዳቤ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከፋዩም ወገን የሚሰጠውን ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን በባንክ በኩል ቢያደርገው፥ ወይም ደረሰኝ ቢቀበል ከኋላ ክርክር ይድናል።

ሦስተኛ፥ ፍርዱ ካልተፈጸመ አፈጻጸም ይጠይቁ። ፍርድ ቤት ከከፋዩ ደመወዝ ተቈርጦ እንዲሰጥ ሊያዝዝ ይችላል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቈረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚህ በላይ፥ ያለ በቂ ምክንያት የሚገባውን ቀለብ ከልክሎ ቤተሰቡን በችግር ላይ የሚጥል ሰው፥ ቢፋታም እንኳ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አቤቱታ ሲቀርብበት በቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል።

አራተኛ፥ በስምምነት የሚፋቱ ወላጆች የልጁን ቀለብ ለማስታረቂያ አይጠቀሙበት። «ቤቱን ተዉልኝ፥ ቀለብ አልጠይቅም» ብላ የምትፈርም እናት የራስዋ ያልሆነውን ትለውጣለች። ፍርድ ቤቱም ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት የማይጠብቅ ሆኖ ያገኘው እንደ ሆነ፥ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የቀረውን ሊያርመው ይችላል።

ልጁ 18 ዓመት በሞላው ዕለትም ነገሩ ያበቃል ማለት አይደለም። ችግረኛ ሆኖ ሠርቶ ለማደር ያልቻለ ልጅ፥ ለምሳሌ ትምህርቱን ያልጨረሰ ወይም አካሉ የደከመ፥ ከወላጁ ቀለብ መጠየቅ ይችላል፤ በወላጅና በተወላጅ መካከል ያለው ግዴታ በዕድሜ አይታሰርምና።

ይህ ግዴታ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ አይደለም፤ ወደ ላይም ይወጣል። ወላጅ አርጅቶ ጉልበቱ በደከመ ጊዜ ልጁ ይቀልበው ዘንድ ሕጉ ያዝዛል። አበው «ያባት ዕዳ ለልጅ፥ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላሉ። እኛ የተናገርንለት ዕዳ ግን አባት ለልጁ ያለበት ነው። ይህን ዕዳ በጊዜው የከፈለ አባት በሽምግልናው ዘመን የልጁን ደጅ ሳያፍር ያንኳኳል፤ ያልከፈለው ግን ያን ጊዜ ሕግ መብት ቢሰጠው እንኳ፥ የሚያንኳኳበት ፊት ከየት ያመጣል?

ስለዚህ፥ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ጋብቻ በፍርድ ይፈርሳል፤ አዲስ ጋብቻም በሕግ ይመሠረታል። አባትነትና እናትነት ግን በፍቺ አይፈርሱም፤ በሠርግም አይተኩም። ሌላ ጎጆ የምትቀልሱ ሁሉ፥ የአዲሱን ቤት ወጪ ስታሰሉ ከፊተኛው ቤት የቀረውን ልጅ ድርሻ አስቀድማችሁ አስቀምጡ።